ሒና ያልነካው እግር

እኔ ጠይባ እባላለሁ። ከጅማ በላይ ጅሬን፣ ዳገቱ ላይ፣ ከወንድሜ ከአባቦራ ጋር እኖራለሁ። የእኔ ባል ሞተ፤ የእሱም ሚስት ሞተች፤ እኛ ሁለት ሐዘንተኞች አንዲት ልጅ ስናሳድግ ኖርን። ልጅቷ ዘይቡ ናት። ዛሬ ሰው ስለ እሷ እንደመሰለው ያወራል፤ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ይጠቃቀሱብኛል። ያውሩ! እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ አጠገቧ ነበርኩ፤ መስማት የፈለገ እኔን ይስማ።

ነገሩ የጀመረው በእሾህ ነው። ሰርቦ ለለቅሶ ሄደን ነበር። ሰርቦ ድሮ የወንድሜ መሬት የነበረበት ነው፤ የመሬት ላራሹ አዋጅ ሲታወጅ መሬቱ ለገበሬ ማኅበሩ ሆነ፣ ለወንድሜ ጅሬን ያለው ቤትና ኩራቱ ቀሩለት። ኩራት የሚወርስ አዋጅ አልወጣም መቼም። ከለቅሶው ስንመለስ የዘይቡ ጫማ ማሰሪያው ተበጠሰ። “አዳዳ፣ ለዚህችው ነው” ብላ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በቡናው ሥር ስትራመድ የግራ ተረከዟን እሾህ ወጋት። አዳዳ የምትለኝ የአባቷ እህት ስለሆንኩ ነው። ደግፌ ጤና ጣቢያው አደረስኳት።

ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ወጣት ወጣ። ወዲያው አወቅሁት። የጠሃ ልጅ ሙሐመድሳኒ ነው። ጠሃ የወንድሜ ጭሰኛ ነበር፤ እህሉንም ማሩንም ተሸክሞ እየመጣ ደጃችን ላይ ቆሞ የሚውል ሰው። ልጁ ተምሮ ጤና ረዳት ሆኗል። ዘይቡን ሳይሆን እኔን አየና፣ “እትዬ ጠይባ፣ እርስዎ ካልፈቀዱልኝ አልነካም” አለ። ጨዋ ልጅ! “ኧረ አውጣላት” አልኩት።

ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሯን ጉልበቱ ላይ አኖረና እሾሁን ነቀለ። እሾሁ ወጣ። እግሯን ግን አልለቀቀም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ ዝም ብሎ አየው።

“እሾሁ ወጥቷል እኮ” አለች ዘይቡ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ።

“ይሄ ጥቁር ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ምልክት ነው። አዳዳ እግሯ ሥር ምልክት ያለባት ሩቅ አገር ትዳራለች ትላለች።”

“ድሮም ይህን ታክል ነበር?”

“ድሮ የምስር ፍሬ ነበረች። አሁን የቡና ፍሬ ሆነች። እኔም አድጌ የለ?” ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። “ከረመዳን በኋላ ተመለሽ። እንደገና ላየው እፈልጋለሁ” አላት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። እሷም አየችው። ወላሂ፣ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ መኖሬን ሁለቱም ረሱት።

መኪና እስክናገኝ መንገድ ዳር ቆመን ዘይቡ ተረከዟን ደጋግማ አየች። ኋላም፣ “አዳዳ፣ እግሬን እንዴት አድርጎ እንደያዘው አየሽ?” አለችኝ።

“አየሁ።”

“እንደ እንቁላል ነው የያዘው።”

ወይ ጉድ፣ አልኩ በሆዴ። ይቺ ልጅ አለቀላት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ገበያ በወጣን ቁጥር ሙሐመድሳኒን ማየት ጀመርን። ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ሊወስድ ጅማ ይመጣል፤ ግን መድኃኒት የሚሰጥበት ሌላ፣ እኛ የምንገበይበት ሌላ! ሰላም ብሎን ያልፋል፤ ትንሽ ሄዶ ዞር ይላል። አንድ ቀን ብቻ ደፍሮ፣ “እግርሽ እንዴት ነው?” አላት። እሷ ይህን ቃል ለሳምንት ያህል እንደ ስኳር ስትመጠው ሰነበተች።

ረመዳን አለቀ። ለዒድ ሒና በጠበጥኩ። እሷ እጇን ሳይሆን እግሯን ዘረጋችልኝ። “ውስጡን ነው፣ አዳዳ። ተረከዜን ደጋግመሽ አጥቁሪልኝ። ያቺ ምልክት እንዳትታይ፤ ያን ቀን ሲያያት ፊቱ ጨፍግጎ ነበር።” እኔም አንድ ሴት ለምትወደው ወንድ ስታጌጥ እግሯ ሥር ድረስ እንደምታስብ አውቃለሁና በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ስንፈታው እግሯ እንደ በሰለ ቴምር አምሮ ነበር። ወላሂ፣ አምሮ ነበር።

ሰርቦ ወረድን። ጫማዋን ራሷ አወለቀች፤ እግሯን ራሷ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠች። እንዲህ ደፍራ አታውቅም። የምስጋና ቃል ስትጠብቅ የእሱ ፊት አመድ ሆነ።

“ምን አደረግሽ?”

“ለዒድ ነዋ” አለች፤ ፈገግታዋ ገና አልጠፋም።

“የማየውን ሸፈንሽው እኮ! አሁን ምኑን ልይ?” ጥጥ በአልኮል ነክሮ ተረከዟን ይፈትግ ጀመር። ሒና በአልኮል የሚለቅ መስሎታል! ፈተገ፣ ፈተገ፤ ጥጡ ቀላ፣ እግሯ ግን ያው ነው።

“ልቀቀኝ፣ አሳመምከኝ!”

“እግርሽ ለእኔ ጌጥ አይደለም!” ብሎ ጮኸ።

እኔ ዛሬ ያ ጩኸት የፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ማን አወቀ? ዘይቡ እግሯን መንጭቃ ተነሣች። “የጭሰኛ ልጅ ሒና የት አይቶ ያውቃል!” አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷንም አስደነገጣት፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስም። እሱ ጥጡን እንደያዘ ቀረ። እኛ ወጣን። መኪና ላይ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ እስከ ጅማ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ገበያ አልወጣም አለች። እሱ ደብዳቤ ላከ፤ የሰርቦ ሴቶች አመጡልኝና ሰጠኋት። ከፍታ የመጀመሪያውን መስመር አየች፤ “ስለ እግርሽ ነው የምጽፍልሽ” ይላል። ምድጃው ውስጥ ወረወረችው። “ስለ እኔ አይጽፍም፣ አዳዳ! ስለ እግሬ ነው የሚጽፈው። የሚታየው ጉድፌ ብቻ ነው” አለችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሁለተኛም መጣ፤ እሱን ሳትከፍት አቃጠለችው። የሠርግ ወራት ነበርና የጎረቤት ልጆች ሲዳሩ አብራ ሒና ትቀባለች፤ በቀለም ላይ ቀለም፤ ያ ነገር ከሥሩ ምን እየሠራ እንደነበር አላህ ብቻ ያውቃል።

አንድ ቀን ለዙህር ሶላት ውዱዕ ስታደርግ እኔ የመታጠቢያውን ጀበና ይዤ ውኃ አፈስላታለሁ። ቀኝ እግሯን ታጠበች። ግራዋን ስታጥብ ውኃው ቀልቶ ወረደ። ሒና መሰለኝ። ደግሞ አፈሰስኩ፤ ደግሞ ቀላ። እግሯን ይዤ ገለበጥኩት። ያቺ የቡና ፍሬ የለችም። ሰፍታለች፤ ዳር ዳሯ እንደ ተበላ ቅጠል ተቆራርጧል፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ መሀሉ ቆስሎ ይደማል።

“ያ ረቢ! ኢንታላኮ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

ኢንታላኮ በእኛ ልጄ ማለት ነው። ዘይቡ ዓይኔን ሸሸች። “አያምም እኮ” አለች።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገሬ ሰው። ሮጬ ለወንድሜ ነገርኩት። አባቦራ ሰማኝና፣ “ቁስል ነው፤ በቅጠል ይድናል” አለ። “ሐኪም ቤት እንውሰዳት” ስለው ዓይኑ ተለወጠ። “ሚስቴን በእግሯ ወሰድኳት፣ በቃሬዛ መለሱልኝ። ልጄን ቢላዋ አላስነካም። ደግሞስ ለሰው የምትዳር ልጅ ናት፤ ወሬው አገር ይሙላልሽ?” አለኝ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ፍርሃቱን በቁጣ ነው የሚሸፍነው፤ ልጁም የወጣችው ከእሱ ነው።

ምን ላድርግ? በማግስቱ ሰርቦ ወረድኩና ለሙሐመድሳኒ ያየሁትን ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። “አባቷን ላናግራቸው” አለ። “አንተን የጠሃን ልጅ ደጁን የሚያስረግጥህ ይመስልሃል?” አልኩት። ግድግዳውን ለቀቀ። ከዚያ፣ “ሽማግሌ የላከን ሰው ግን አይመልሱም” አለ። እኔማ አእምሮው የተነካ መሰለኝ። በዚህ ቀን ጋብቻ? ግን ምን ልዋሽ፣ አንጀቴ ራሰ። ለዘይቡም ነገርኳት፤ ሻሿን አውልቃ ደግማ አሰረች።

ሽማግሌዎቹ በጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ መጡ። ከፊት ሼህ አሊ፣ የሰርቦ መስጊድ ኢማም። ከኋላ ራሱ ሙሐመድሳኒ። ደነገጥኩ። ልጅ ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ሲመጣ የት ታይቶ ያውቃል? እኔና ዘይቡ ከመጋረጃው ኋላ ነን፤ እጄን ጨብጣኛለች።

ሼህ አሊ ዱዓ አድርገው ነገሩን እንደ ወጉ አቀረቡ። “አባቦራ፣ ልጅ ፈልገን ነው የመጣነው። ይህ ልጅ ሃይማኖቱን ያወቀ፣ እንጀራውን የያዘ ነው” አሉ።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሼህ አሊ፣ እርስዎን አከብራለሁ። መሬቴን ጠሃ ያርሰው፣ አላህ ያለው ሆነ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ልጄን? ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄን ለጠሃ ቤት አልሰጥም።”

ዘይቡ እጄን ለቀቀች።

ያን ጊዜ ሙሐመድሳኒ ከመቀመጫው ተነሣ። ሼህ አሊ ጋቢውን ይዘው ሊያስቀምጡት ሞከሩ፤ አልተቀመጠም።

“አባባ፣ ይፍቀዱልኝ” አለ። “ልክ ነዎት። አይስጡኝ።”

ወንድሜ ወደ ፊት ጠጋ አለ።

“ምን አልክ?”

“ልጅዎን አይስጡኝ። ሽማግሌ ይዤ የመጣሁት በዚህ ደጅ ሌላ መግቢያ ስላጣሁ ነው። የምለምንዎ እግሯን ለሐኪም እንዲያሳዩ ብቻ ነው። ተረከዟ ላይ ያለው ምልክት ምልክት አይደለም። ካንሰር ነው ብዬ እፈራለሁ። በነጮቹ ፀሐይ በሚያገኘው ገላቸው ላይ ይወጣል፤ በእኛ ሰው ግን ፀሐይ በማያየው ቦታ፣ እግር ሥር፣ መዳፍ ላይ፣ ጥፍር ሥር ነው የሚደበቀው። አስተማሪያችን አንድ ታማሚ ሲያሳየን በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሰው ዘግይቶ በመምጣቱ አልዳነም። አባባ፣ እሷ እንዳትዘገይ።”

“ይሄ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነው!” አለ ወንድሜ፤ ድምፁ ግን እንደ ቃሉ አልበረታም። “እሷን ለማየት የፈጠርከው ነው!”

“እኔ አላያትም። ጅማ ዶክተር ፍስሐ አለ፤ እሱ ይያት። ካላመኑኝ ልማልልዎ። ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት፤ እኔ ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም። ሁለተኛ ሽማግሌ አልልክም። ስሟን በአፌ አላነሳም። ወላሂ። እሷ ትኑርልኝ እንጂ የኔ ባትሆንም…” እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ተቀምጦ የነበረው ወንድሜ ቀስ ብሎ ቆመ። በሕይወቴ እንዲያ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

“ይህን ያህል ትወዳታለህ?”

ሙሐመድሳኒ ቀና አለ። ዓይኑ ሞልቷል። “አባባ፣ ስሟን አላነሳም ብዬ አሁን ማልኩልዎ እኮ” አለ።

ወጥቶ ሄደ። ሼህ አሊም ጫማቸውን ፍለጋ ጎንበስ ብለው እንባቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ አየሁ። ከመጋረጃው ኋላ ዘይቡ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ግራ እግሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተረከዟን ታያለች። “አዳዳ” አለችኝ፣ “ስለ እግሬ ሲጽፍልኝ፣ ለካ ስለ እኔ ነበር የሚጽፈው።” ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሁለታችንም አልቅሰን አልወጣልን አለ።

በማግስቱ አባቦራ ራሱ ጫማውን አድርጎ፣ “ተነሡ” አለን።

ዶክተር ፍስሐ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። ተረከዟን ብቻ አላየም። መዳፏን፣ የእጅና የእግር ጥፍሮቿን፣ በጣቶቿ መሀል፣ ጀርባዋን፣ ፀጉሯን ፈልቅቆ የራስ ቅሏን፣ ከነርሷ ጋር ሆኖ አንድ ስንዝር ሳያስቀር አየ። ከቁስሉ ቁራጭ ወስዶ አዲስ አበባ ላከ። መልሱ እስኪመጣ የጠበቅነውን መጠበቅ ለጠላቴም አልመኝ። መልሱም የተፈራው ሆነ። ተረከዟን በሰፊው ቆርጦ አወጣ፤ ከጭኗ ቆዳ ወስዶ ለጠፈበት። ወንድሜ በር ላይ ሙስባሃውን ሲቆጥር ዋለ። ዶክተሩ ወጥቶ፣ “ጊዜው ሳያልፍ ደርሳችኋል ብዬ አምናለሁ። ግን ዕድሜዋን ሙሉ መታየት አለባት። አዲስ ነጥብ ካያችሁ አትሸፍኑት” አለን። አባቦራ የሐኪሙን እጅ ሳመ። አባቦራ! እጁን ሰው ሲስምለት እንጂ እሱ ሲስም ያየ አልነበረም።

ሙሐመድሳኒ መሐላውን ጠበቀ። አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ነርሷ ግን እየሳቀች፣ “ከሰርቦ አንድ ጤና ረዳት በየጊዜው ስልክ ይደውላል። ስም አይጠራም። ‘ያቺ የተረከዝ ታካሚ እንዴት አደረች?’ ይላል” አለችን። ዘይቡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቁስሉ ጠገገ። በከዘራ፣ ኋላም ያለ ከዘራ መራመድ ጀመረች፤ ትንሽ ታነክሳለች። አንድ ጠዋት ሒና በጥብጣ አገኘኋት።

“ማን ሊዳር ነው?” አልኳት።

“አዳዳ፣ ያ አያቴ የምትነግረን የድሮው አሴና፣ ዛሬም ይሠራል?”

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። አሴና የኦሮሞ የጥንት ወግ ነው። ልጅቷ የወደደችውን ሰው ቤት ራሷ ሄዳ ትገባለች፤ ከምሰሶው ሥር ትቀመጣለች። ገብታ የተቀመጠችን ልጅ መመለስ ነውር ነው። “እንዴ! የአባቦራ ልጅ ጠሃ ቤት?” አልኳት።

“እሱ ሽማግሌ አልልክም፣ ደጃችሁን አልረግጥም ብሎ ማለ። እኔ አልሄድም ብዬ የማልኩት መሐላ የለም።”

ምን እላለሁ? ሒናውን ተቀብዬ መዳፏን ቀባሁላት። ወደ እግሯ ሳጎነብስ ግን ሰበሰበችው። “እግሬን ተዪው፣ አዳዳ። እሱ ያየዋል” አለች። ሙሽራ እግሯን ሳትቀባ ስትወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሩ ላይ አባቦራ ቆሟል። እጇን አየ፤ ሒናውን። ሊጮህ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ወንድሜ ግን ከዘራውን ለእኔ ሰጠኝና በርከክ አለ፤ የግራ ጫማዋን ማሰሪያ በሁለት እጁ ፈቶ አላልቶ፣ ጠባሳውን እንዳይነካ አድርጎ አሰረው። “መንገዱ ድንጋያማ ነው። ቀስ ብላችሁ ሂዱ” አለ። ከዚያ እኔን ብቻ ጠርቶ አንዲት የአደራ ቃል ሰጠኝ።

የጠሃ ሚስት የአባቦራ ልጅ ገብታ ከምሰሶው ሥር ስትቀመጥ ባየች ጊዜ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። ልጇን አስጠራች። ሙሐመድሳኒ ከነጋዋኑ እየሮጠ መጣ፤ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ስሟን መጥራት አይችልማ!

“ምንም አትበል” አለችው ዘይቡ። “መሐላህን ጠብቅ። እኔ ነኝ የመጣሁት። አንድ ቀን በክፉ ቃል ከፊትህ ሄጄ ነበር፤ እሱን ይቅር በለኝ።” ጫማዋን አውልቃ ግራ እግሯን ዘረጋችለት። ጠባሳ ነው፤ የተለጠፈ ቆዳ፤ ሒና የለበትም። “አልሸፈንኩትም። እየው” አለችው።

ተንበርክኮ እግሯን አነሣ። እንደዚያን ቀን፣ እንደ እንቁላል። ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ ዳር ዳሩን በዓይኑ ዞረው። እንባው ጠባሳው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ እሷ አላበሰችውም።

እኔም አደራዬን ተወጣሁ። “ሙሐመድሳኒ፣ አባቦራ ልኮኛል። ‘የመሐላውን ማካካሻ፣ ከፋራውን፣ ሼህ አሊን ይጠይቅና ይፈጽም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ስሟን ይጥራ’ ብሎሃል” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እሷን አየ። ሊናገር ሞከረ፤ አልወጣም። ደግሞ ሞከረ።

“ዘይቡ” አለ።

“አቤት” አለች።